ተጨማሪ መረጃ፦ 36ቱ ቅዱሳት አንስት
ኢየሱስን የተከተሉት 12ቱ ሐዋርያት ብቻ አልነበሩም። የሉቃስ ወንጌል (8፥1–3) መግደላዊት ማርያም፣ የሄሮድስ ሹም የኩዛ ሚስት ዮሐናና ሶስና ከሌሎች ብዙ ሴቶች ጋር በገንዘባቸው ያገለግሉት እንደ ነበር ይናገራል። የትንሣኤውን ዜና ቀድመው የሰሙትም ሴቶች ናቸው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት እነዚህ ተከታዮች «36ቱ ቅዱሳት አንስት» ይባላሉ። ከ12ቱ ሐዋርያትና ከ72ቱ አርድእት ጋር ሲደመሩ 120 ይሆናሉ፤ «መቶ ሃያው ቤተሰብ» የሚባሉት እነዚሁ ናቸው።

መታሰቢያቸው በፋሲካ ማግስት ባለው ሳምንት ቅዳሜ፣ በዳግም ትንሣኤ ዋዜማ ይውላል። በጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ በሂርናና በገለምሶ የሚኖሩ ኦርቶዶክሳውያን ምእመናንም ዕለቱን ከመላ አገሪቱ ጋር ያስቡታል። በአካባቢያችሁ እንዴት እንደሚታሰብ አረጋውያንን ጠይቃችሁ በክፍል ተወያዩ።