ሐርላ ስንት ጊዜ ተጠቀሰች?

የሐርላ ገበሬ ማሳውን ሲያርስ የሸክላ ስባሪና የባዕድ አገር ሳንቲም ሲያገኝ ኖሯል። የጥንቶቹን ግንቦች ድንጋይ ትልቅነት አይቶም ያቆሟቸው ግዙፎች ናቸው ይላል። በሰኔ 2009 ዓ.ም. የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ባካሄዱት ቁፋሮ የ12ኛው መቶ ዘመን መስጊድ ማግኘታቸው ሲነገር፣ ከድሬዳዋ ደቡብ ምሥራቅ የምትገኘው መንደር የዓለም ዜና ሆነች። የ13ኛው መቶ ዘመን የግብፅ ሳንቲም፣ የዛጎልና የብርጭቆ ዶቃ፣ ከየመን፣ ከማልዲቭስና ከቻይና የመጣ ዕቃ ከአፈሩ ወጣ። ኢንሶል የግዙፎቹ ነገር ተረት መሆኑን አረጋግጠናል ቢሉም፣ መንደርተኛው ማመኑን ተጠራጥረው ነበር።

ዜናው በሳምንት ያልፋል። ለተመራማሪው የሚቀርለት ሌላ ሂሳብ ነው፤ ስንት ጽሑፍ አሳተመ፣ ሌሎችስ ስንት ጊዜ ጠቀሱት? በእኛ ዩኒቨርሲቲዎችም ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ያለ የታተመ ጽሑፍ አይገኝም፤ እንደ ስኮፐስ ያሉ የመረጃ ቋቶች የመዘገቡት ጆርናል ላይ መውጣቱ ደግሞ ሚዛን ይደፋል።

ቆጠራው ሲጀመር ሰውን ለመመዘን አልነበረም። አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ ሐሳቡን በ1955 (ከዚህ ወዲያ ያሉት ዓመታት በፈረንጆቹ ናቸው) ያቀረበው አንባቢ አንድን ጽሑፍ ይዞ፣ ከእሱ በኋላ ማን ምን እንዳለ ተከታትሎ እንዲያገኝ ነው። የአሜሪካ ጠበቆች የድሮ ፍርድ አሁንም ይጸና እንደሆነ የሚያዩበትን መዝገብ አይቶ ነው ያሰበው። ፍለጋን ለማቅለል የተሠራው መዝገብ ውሎ አድሮ የሰው ደረጃ ማውጫ ሆነ። በ2005 ደግሞ የፊዚክስ ሊቁ ሆርጌ ሂርሽ ኤች-ኢንዴክስን አመጣ፦ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች ያሉት ሰው ቁጥሩ 10 ነው።

አሁን ይህን ሜትር ወደ ሐርላ ጉድጓድ እናውርደው። አንድ አርኪዮሎጂስት ዕድሜውን የፈጀበት አንድ ትልቅ መጽሐፍ 500 ጊዜ ቢጠቀስና ሌላ ባያሳትም ኤች-ኢንዴክሱ 1 ነው። ስምንት አጫጭር ጽሑፎች ያሉት፣ እያንዳንዳቸውም ስምንት ጊዜ የተጠቀሱለት ጎረቤቱ ግን 8 ያገኛል። በመጽሐፍ የሚሠራ ሙያ ገና ከመነሻው ይከስራል ማለት ነው።

ጊዜውም አይመችም። የጆርናሎች መለኪያ የሆነው ኢምፓክት ፋክተር በተለምዶ የሚያየው ያለፉትን ሁለት ዓመታት ጽሑፎች ነው። ሐርላ የንግድ መናኸሪያ እንደነበረች በሰፊው የሚያስረዳው የእነ ኢንሶል ጽሑፍ አንቲኩዊቲ በተባለው ጆርናል የወጣው በ2021፣ ከዜናው አራት ዓመት በኋላ ነው። ያንን ጽሑፍ በራሱ ቁፋሮ ሊሞግት የሚፈልግ ሰው ፈቃድ ይጠይቃል፣ የቁፋሮ ወቅት ይጠብቃል፣ ቆፍሮ ያገኘውን ከሰል ለዕድሜ ምርመራ ላቦራቶሪ ይልካል። ሁለት ዓመት ለዚህ ምን ይበቃል? በሕክምና ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ ጽሑፍ ስለሚወጣ ጥቅሱም በዚያው ልክ ይጎርፋል።

የፊዚክሱማ ሌላ ዓለም ነው። በ2015 ሂግስ ቦዞን የተባለውን ቅንጣት ክብደት ያወጀው ጽሑፍ 5,154 ደራሲዎች ነበሩት፤ ከ33 ገጾቹ 24ቱ የስም ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ ስም የጽሑፉን ጥቅስ ሙሉውን ለራሱ ይቆጥራል። ከእነዚህ ደራሲዎች አንዱን ከሐርላው ቆፋሪ ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ማሰለፍ፣ በእኔ እይታ፣ ኩንታልን በክንድ መለካት ነው። የየዘርፉን አማካይ አስልቶ ማነጻጸር የተሻለ ነው፤ ቢሆንም የሚያሰላው በመዝገቡ የገባውን ብቻ ነው።

በመዝገብ አለመግባት የሐርላ ዋና ችግር ይመስለኛል። የካፑቺን መነኩሴው አባ አዛይስ የአካባቢውን ፍርስራሽ ያዩት በ1920ዎቹ ሲሆን፣ ሻምባር ከተባለ ተባባሪ ደራሲ ጋር ያሳተሙት በፈረንሳይኛ፣ በ1931፣ በመጽሐፍ ነው። ዛሬ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ያለ መምህር ስለ ሐርላ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ቢጽፍ፣ መንደርተኛው ያነበዋል፤ ለዕድገት ማመልከቻው ግን እምብዛም አይጠቅመውም። በእንግሊዝኛ ቢጽፈው ቁጥሩ ከፍ ይል ይሆናል፣ መንደርተኛው ግን አያነበውም።

በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተረቀቀው ዶራ የተባለ መግለጫ ሰውን በጆርናሉ ኢምፓክት ፋክተር አትመዝኑ ይላል። ጽሑፉን ራሱን አንብቡ ነው ምክሩ። ለዚህ ሐርላን የሚያውቅ አንባቢ፣ ጊዜም ያስፈልጋል፤ የዕድገት ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ዶሴው ተከምሯል፣ ቁጥሩም ከጎኑ ተጽፎ ይጠብቃል።