ድንጋጤንና ሣቅን የሚያዋሕድ የሥዕል መጽሐፍ

በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሰውነትን ልክ፣ የብርሃንንና የጥላን ሥርዐት፣ የቀለማትንም ኅብር ሲያጠና የቆየ ወጣት፣ እጁ ለመስመር ልቡም ለታሪክ በተነሣ ጊዜ ከሚመኛቸው ሥራዎች አንዱ ኮሚክ የተባለው የሥዕል መጽሐፍ ነው፤ ከኮሚክም ወገን እጅግ ማራኪ ሆኖ ሳለ እጅግ አስቸጋሪ የሆነው፣ አንባቢን በአንድ ገጽ አስደንግጦ በሌላው የሚያስቀው፣ ፍርሃትንና ሣቅንም ሳይለያይ የሚያቀርበው ዐይነት ነው። ይህ ሥራ ከየት እንደ መጣና በምን ሥርዐት እንደሚከናወን፣ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ለሚያቅድ ተማሪም፣ መጽሐፉን ገዝቶ ለሚያነብ ሰውም ላስተዋውቅ እወዳለሁ።

ኮሚክ ታሪኩን የሚናገረው በተርታ በተሰለፉ ሳጥኖች ነው። በእያንዳንዱ ሳጥን አንድ ቅጽበት ይሣላል፣ የሰዎቹ ንግግር በነጭ አረፋ ውስጥ ይጻፋል፣ በሳጥንና በሳጥን መካከልም ጠባብ ባዶ ስፍራ ይቀራል። ይህ ባዶ ስፍራ ለጌጥ የተተወ አይደለም፤ በመጀመሪያው ሳጥን ወደ ላይ የተነሣ መጥረቢያ በሁለተኛው ሳጥን ግንድ ውስጥ ተሰክቶ ቢታይ፣ ምቱን ሠዓሊው አልሣለውም፣ የመታው የአንባቢው ልቡና ነውና። አስፈሪ ነገር ሁሉ ከሚታየው ይልቅ በሚታሰበው ይበረታል፤ አስቂኝ ነገርም እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ የሁለቱም መኖሪያ ይህ ባዶ ስፍራ ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። በተአምረ ማርያም የሚነገረው የበላዔ ሰብእ ታሪክ፣ 78 ነፍስ የበላው ሰው ለተጠማው ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሲሰጥ፣ ኋላም ነፍሱ በሚዛን ስትቀርብ የእመቤታችን ጥላ ያረፈበት ያ ጥርኝ ውኃ ሚዛን ሲደፋ፣ በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ትዕይንቱ በተከታታይ ሲሣል ኖሯል፤ ፊደል ያልቆጠረውም ምእመን ከትዕይንት ወደ ትዕይንት እየተሻገረ ታሪኩን በዐይኑ ያነበው ነበር። ከዚህም ሌላ የቀድሞ ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዐይን፣ ኃጥኡንና ርኩስ መንፈስን ግን በጎን በአንድ ዐይን ሲሥሉ የኖሩ ስለ ሆነ፣ ተመልካቹ ገና ሥዕሉን ሳይመረምር ማን የማን ወገን እንደ ሆነ በአንድ አፍታ ይለይ ነበር። ኮሚክ ሠዓሊ ሊማረው የሚገባ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ በሳጥን የተቀመጠ ሥዕል በቅጽበት ታይቶ የሚታለፍ እንደ መሆኑ መጠን፣ የእያንዳንዱ ሰው ጠባይ ከሩቅ በጥላው ብቻ መታወቅ አለበትና።

አስፈሪውና አስቂኙ በአንድ መጽሐፍ ተዋሕደው ታላቅ ገበያ ያገኙት በኒው ዮርክ ከተማ ነው። ዘመኖቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። ማክስ ጌይንስ የተባለ አሳታሚ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በሥዕል እያወጣ ለወጣቶች ያቀርብ የነበረ ሰው ሲሆን፣ በ1947 በጀልባ አደጋ ሞተና ኢሲ ኮሚክስ የተባለው ድርጅቱ፣ የኬሚስትሪ መምህር ለመሆን ይማር ለነበረው ለልጁ ለዊልያም ጌይንስ ተላለፈ። ልጁም ከአዘጋጁ ከአል ፌልድስታይን ጋር ሆኖ በ1950 ሦስት አስፈሪ መጽሔቶችን አወጣ። እያንዳንዱ መጽሔት ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር፤ ብዙውን ጊዜም አራት አጫጭር ታሪኮች ይዞ ይወጣ ነበር። በታሪኮቹ ክፉ የሠራ ሰው በሠራበት መንገድ ዋጋውን ይቀበላል፤ የቀበረው ከመቃብር ተነሥቶ ይመጣበታል፤ ቅጣቱም የተጋነነ ስለ ሆነ አንባቢው ሲሸማቀቅ በዚያው መሳቅ ይጀምራል።

የአሠራራቸው ሥርዐት ለተማሪ እጅግ የሚጠቅም ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት። ፌልድስታይን ታሪኩን የሚጽፈው በሌላ ወረቀት ላይ ሳይሆን ሠዓሊው በሚሥልበት በዚያው ሰሌዳ ላይ ነበር፤ ጽሑፉም በፊደል ማውጫ መሣሪያ ጥርት ብሎ ከተጻፈ በኋላ፣ ሳጥኖቹ ገና ባዶ እንደ ሆኑ፣ ሰሌዳው ለሠዓሊው ይሰጠዋል። በዚህ ምክንያት ቃልና ሥዕል ቦታ ሲሻሙ አይገኙም ነበር፤ ነገር ግን ቃሉ ቀድሞ ቦታውን ስለሚይዝ ሠዓሊው በጽሑፍ ተጨናንቆ ሲቀር ማየትም የተለመደ ነው። የሥራ ባልደረባቸው ሃርቪ ከርትዝማን ግን በተቃራኒው የእያንዳንዱን ሳጥን አቀማመጥ አስቀድሞ በስስ ወረቀት ነድፎ ለሠዓሊዎቹ ይሰጥ ነበር። ከሠዓሊዎቹም ግራሃም ኢንግልስ የበሰበሰና የሚንጠባጠብ ነገር በመሣል፣ ጃክ ዴቪስ ደግሞ ረጃጅም እግርና ግዙፍ ጫማ ያላቸውን፣ ሲሮጡ የሚያስቁ ሲሞቱ የሚያስደነግጡ ሰዎች በመሣል ይታወቃሉ፤ ዴቪስ በአንድ እጅ ሁለቱን ስሜቶች የያዘ በመሆኑ ከሁሉ ይልቅ እርሱን ማጥናት ይበጃል።

በእነዚህ መጽሔቶች ሣቁ በአብዛኛው የሚመጣው ከታሪኩ ውጭ ነው። ሦስት አስቀያሚ ተራኪዎች፣ ሁለት የመቃብርና የምድር ቤት ጠባቂዎችና አንዲት አሮጊት ጠንቋይ፣ ታሪኩ ሳይጀመር አንባቢውን በቀልድ ይቀበሉታል፣ ሲያልቅም በቀልድ ያሰናብቱታል። ይኸው ቤት በ1952 ከርትዝማን የሚያዘጋጀውን ማድ የተባለ የቀልድ መጽሔት ማውጣቱም የሚያስገርም አይደለም፤ ሰዎቹ አንድ ናቸው፣ ብዕሩም አንድ ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው መከራ ነው። በ1954 ፍሬድሪክ ዌርታም የተባለ የአእምሮ ሐኪም ኮሚክ ወጣቶችን ወደ ወንጀል ይመራል የሚል መጽሐፍ አወጣ፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የአሜሪካ ሴኔት ንኡስ ኮሚቴ በኒው ዮርክ ተሰብስቦ ጌይንስን መረመረ፤ ሴናተር ኪፎቨርም የተቆረጠ የሴት ራስ የተሣለበትን ሽፋን አንሥቶ ይህ ጨዋነት ነውን ሲል ጠየቀው፣ ጌይንስም ለአስፈሪ መጽሔት ሽፋን ጨዋ ነው ብሎ መለሰ። መልሱ አልረዳውም። የኮሚክ አሳታሚዎች ራሳቸው ባወጡት ደንብ ሽብርንና ድንጋጤን የሚጠሩ ቃላት ከመጽሔት ርእስ ተከለከሉ፣ ደም መጣጭና ከመቃብር የሚነሣ ሬሳም ከገጹ ተባረረ፤ ደንቡ የላላው በ1971 ነው። ማድ ግን በ1955 የኮሚክ ቅርጹን ትቶ ደንቡ በማይደርስበት በመደበኛ የመጽሔት ቅርጽ ስለ ወጣ ተረፈ።

በሩቅ ምሥራቅ፣ በጃፓን፣ ሌላ ሠዓሊ ይህንኑ ሥራ በሌላ መንገድ ወደ ፍጻሜ አድርሶታል። ሚዙኪ ሺጌሩ በ1922 ተወልዶ፣ በልጅነቱ በሳካይሚናቶ ከተማ አንዲት አሮጊት የምትነግረውን የመናፍስት ተረት እየሰማ አደገ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በራባውል አካባቢ ግራ እጁን አጣ፤ ከጦርነቱም በኋላ በቀረችው ቀኝ እጁ እየሣለ እስከ 2015 ድረስ ኖረ። የታወቀበት ሥራ፣ ከሞተች እናቱ መቃብር ወጥቶ የተወለደው ኪታሮ የተባለ ልጅ ታሪክ ነው። የኪታሮ አባት ሰውነቱ በስብሶ አልቆ አንድ ዐይኑ ብቻ ሲቀር፣ ያ ዐይን ትንሽ እጅና እግር አውጥቶ ልጁን ይመክራል፤ ሲደክመውም በስኒ ውስጥ በሞቀ ውኃ ይታጠባል። እኔ ሚዙኪን ከኒው ዮርኮቹ አስበልጣለሁ፤ ምክንያቱም የእርሱ ሣቅ በታሪኩ ደጃፍ የቆመ ተራኪ የሚናገረው ሳይሆን ከአስፈሪው ፍጡር ከራሱ የሚፈልቅ ነው። በስኒ የሚታጠበው ዐይን ለአንባቢ ሊቀልድ አይሞክርም፤ ስለ ልጁ ከልቡ ያስባል፤ ገላውንም መታጠብ ይወዳል። የሚያስቀንም የሚዘገንነንም ይኸው አንድ ነገር ነው።

ይህ ጥበብ በትምህርት ቤት የሚሰጥ ነው ቢባል የሚጠራጠር ሊኖር ይችላል። ነገር ግን በርን ሆጋርዝና ሲላስ ሮድስ በ1947 በኒው ዮርክ የካርቱን ሠዓሊዎች ትምህርት ቤት ከፍተው፣ ትምህርት ቤቱ ኋላ ወደ ሰፊ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ሲያድግ፣ ከርትዝማንና የኮሚክ ሠዓሊው ዊል አይስነር በ1970ዎቹ እዚያ አስተምረዋል፤ አይስነርም ከዚሁ ማስተማር ያገኘውን ሁሉ በ1985 በመጽሐፍ አወጣው። ሥራው ሥርዐት አለው፤ ሥርዐት ያለው ነገር ሁሉ ደግሞ ይማሩታል።

ለመጀመሪያ መጽሐፍ የምመክረው ስምንት ገጽ ነው። ሁለት የኤ4 ወረቀት አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ከመካከሉ ቢታጠፍ ስምንት ገጽ ይሆናል፤ ከእጥፋቱ ላይ በስቴፕለር ይመታል። መጽሐፋችን ከግራ ወደ ቀኝ የሚነበብ ስለ ሆነ የመጀመሪያው ገጽ ለብቻው በቀኝ ይታያል፣ ከዚያ ሁለተኛውና ሦስተኛው አንድ ላይ፣ አራተኛውና አምስተኛው አንድ ላይ፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው አንድ ላይ፣ ስምንተኛውም በመጨረሻ ለብቻው። እንግዲህ አንባቢው ገጽ የሚገልጠው አራት ጊዜ ብቻ ነው። ጎን ለጎን በተዘረጉ ሁለት ገጾች ላይ ምሥጢር መደበቅ አይቻልም፤ ዐይን ከቃል ቀድሞ ያየዋልና፤ ስለዚህ ያልተጠበቀው ነገር ሁሉ ከሚገለጠው ገጽ ጀርባ፣ ይኸውም በግራ በኩል መዋል አለበት። ተማሪው ታሪኩን ከማሰቡ በፊት አራት መግለጫዎች እንዳሉት ቢያውቅ ከብዙ ድካም ይድናል።

ለምሳሌ ያህል እንዲህ ያለ ታሪክ እናስብ። በሥዕል ክፍል ውስጥ ለትምህርት የቆመ የሰው ዐጽም አለ፤ ሰው 24 የጎን አጥንት ሲኖረው ይህ ግን አንዱ ወድቆበት 23 ብቻ ቀርቶታል። አንድ ተማሪ በሌሊት ብቻውን ተቀምጦ ሲሥለው፣ በመጀመሪያው ገጽ የመጨረሻ ሳጥን ከበስተኋላው አንድ ድምፅ ይሰማል። ገጹ ሲገለጥ ዐጽሙ በትከሻው ላይ አጎንብሶ ሥዕሉን ይመረምራል፤ ይህ ድንጋጤው ነው። ቀጥሎም፣ «ልጄ፣ አንድ አጥንት አጉድለህብኛል» ይላል፣ የተከፋ ሽማግሌ በሚናገርበት ቃና። ሁለተኛው መግለጫ የሣቅ ነው፤ ተማሪው እየተንቀጠቀጠ፣ «ጌታዬ፣ መምህራችን ያያችሁትን ብቻ ሣሉ ብሎናል» ሲል ይመልሳል። ዐጽሙም ረጅም ጊዜ ያስብና፣ «እውነትህን ነው፤ እንግዲያስ የሚታየው ይሟላ» ብሎ እጁን ይዘረጋል። ገጹ ሲገለጥ ነግቷል። በሌሊት የሆነውን ማንም አልሣለውም፣ በገጹ መገለጥ ውስጥ አልፏል፤ ተማሪዎቹ የዐጽሙን የጎን አጥንቶች ሲቆጥሩ 24 ያገኛሉ። በመጨረሻው ገጽ ያ ተማሪ ወደ አንድ ጎኑ ዘንበል ብሎ ተቀምጦ፣ ምንም ያልጎደለበትን ሥዕል ለመምህሩ ሲያስረክብ ይታያል።

በዚህ ታሪክ ሣቁም ፍርሃቱም የሚመጣው ዐጽሙ ሙሉ ሆኖ መሣል ከመፈለጉ ብቻ ነው። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ አስፈሪውን ታሪክ ጨርሰው ቀልዱን ከላይ ይለጥፉበታል፣ ወይም አስፈሪው ፍጡር ራሱ እያወቀ እንዲቀልድ ያደርጉታል፤ ያን ጊዜ ፍርሃቱ ይሞታል፣ ሣቁም ተከትሎት ይሄዳል። ፍጡሩ ለራሱ ጉዳይ ፍጹም ቁምነገረኛ መሆን አለበት።

የእጁን ሥራ በተመለከተ፣ የአሜሪካ ሠዓሊዎች በ11 በ17 ኢንች ሰሌዳ ላይ የሚሥሉት ገጽ ሲታተም ወርዱ ከ7 ኢንች ያንሳል፤ ትልቅ ሥሎ ማሳነስ የእጅን መንቀጥቀጥ ይሰውራል፣ መስመሩንም ያጠራዋል። በአማርኛ ለሚጽፍ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ለ እና ሉ፣ በ እና ቡ የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው፤ ፊደሉ ሲያንስ ቅጥያው ይጠፋና ቃሉ ሌላ ይሆናል። ግሶቻችንም ረጃጅም ስለ ሆኑ በጠባብ አረፋ ውስጥ እየተሰበሩ ማንበብን ያስቸግራሉ። ስለዚህ እንደ ፌልድስታይን አስቀድሞ ቃሉን ጽፎ፣ አረፋውን በቃሉ ልክ ከብቦ፣ ሥዕሉን በቀረው ስፍራ ማስፈር ለአማርኛ ኮሚክ ከሁሉ የሚሻል መንገድ ነው፤ ቃሉም ቦታውን ሁሉ እንዳይወርሰው በአንድ አረፋ ከዐሥር ቃል ባይበልጥ መልካም ነው።

መጽሐፉን ያቀደ ተማሪ ሁሉ እንግዲህ ባለ ሁለት መቶ ገጹን ሕልም ለጊዜው አቆይቶ፣ ይህን ባለ ስምንት ገጽ በእርሳስ በትንንሹ ነድፎ አጥፎ ሰፍቶ፣ ምንም ሳያስረዳ ለአንድ ወዳጁ ይስጠው፤ ወዳጁም ሲያነብ ከወረቀቱ ይልቅ ፊቱን ይመልከት። ሳይደነግጥ ወይም ሳይሥቅ የተገለጠ ገጽ ቢኖር፣ ቀለም ሳይነካው እንደ ገና ይነደፍ።