ካርዱ ምን አጠፋ?

«ተቃጥሏል» ተብለው ጠረጴዛዬ ላይ ከሚቀመጡት ግራፊክስ ካርዶች ብዙዎቹ ምንም አልሆኑም። የራሴ ኮምፒውተር ላይ ስሰካቸው ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ ይውላሉ። ባለቤቶቹ ግን ቶሎ አያምኑኝም። ጨዋታ ሲከፈት ወይም ሬንደር ሲጀመር ኮምፒውተሩ ድርግም ሲል በዓይናቸው አይተዋል፤ ካርዱ ሥራ ካልበዛበት ደግሞ አይጠፋም። ታዲያ ከካርዱ ሌላ ማን ይጠረጠራል? በተለይ ዋዜማውን ዩቲዩብ አይቶ ኦቨርክሎክ ያደረገ ልጅ «ጋሼ፣ በገዛ እጄ ጨረስኩት» እያለ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚገባው።

ኦቨርክሎክ በማድረግ ብቻ ካርድ ማቃጠል ዛሬ ቀላል አይደለም። ያሁኖቹ ካርዶች ሲግሉ ራሳቸው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። አፍተርበርነር በተባለው ፕሮግራም ላይ ያለውን የኃይል ገደብ እስከ ጥግ ብትገፉት እንኳ ፋብሪካው ባዮሱ ውስጥ ካስቀመጠው ጣሪያ አያልፍም። ኦቨርክሎክ የሚያደርገው ተደብቆ የኖረን ድክመት አደባባይ ማውጣት ነው። ካርዱ የሚጠይቀው ኃይል ጨመር ሲል፣ እስከዚያ ቀን «ይበቃል» ተብሎ የኖረው ፓወር ሰፕላይ ወይም ኬብል ወይም የቤቱ መስመር እጁን ይሰጣል።

ሒሳቡም ለጨማሪ ፍጥነት አያደላም። ቺፑ የሚበላው ኃይል ፍጥነቱ በጨመረ ልክ ይጨምራል፤ ቮልቴጁ ሲጨምር ግን ጭማሪው በራሱ እየተባዛ ነው። ፍጥነቱን በ5 በመቶ ለማሳደግ ቮልቴጁንም በ5 በመቶ ከፍ ማድረግ ካስፈለገ፣ የኃይል ፍጆታው ጭማሪ ወደ 16 በመቶ ይጠጋል። ጨዋታው ላይ የሚታየው ትርፍ ቢበዛ ከ60 ፍሬም ወደ 63 ነው። ለሦስት ፍሬም ብሎ ሌሊቱን ሲሰቃይ ያደረ ሰው ብዙ አውቃለሁ፤ አልፈርድባቸውም፣ ደስታው ቁጥሩ ላይ ነው።

ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «እንዴት ነው የሚጠፋው?» ብዬ ነው። ስክሪኑ ለአፍታ ጠቁሮ የሚመለስ ከሆነ፣ ወይም ጨዋታው ብቻ ተዘግቶ ዊንዶውስ ካለ፣ ኦቨርክሎኩን እጠረጥራለሁ። ዊንዶውስ ካርዱ ለ2 ሰከንድ መልስ ካልሰጠው ድራይቨሩን እንደገና ያስነሳዋል። ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ነጠብጣብና ካሬ ከተበተነ ወደ ካርዱ ሜሞሪ አያለሁ። ሁሉም ነገር ባንዴ፣ ያለ ሰማያዊ ስክሪን፣ ገመዱ የተነቀለ ያህል ድርግም ካለ ግን ካርዱን ትቼ ወደ ኃይሉ እሄዳለሁ። እንዲህ ያሉት ልጆች ብዙዎቹ ኢቨንት ቪውወር ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚል ቀይ መስመር አግኝተው፣ ፎቶ አንስተው ይመጣሉ። ቁጥሩን የበሽታው ስም ያደርጉታል። ዊንዶውስ ግን ያንን የሚጽፈው ተመልሶ ሲነሳ ነው፤ «ባለፈው በወጉ አልተዘጋሁም» ከማለት ሌላ ምንም አይነግረንም።

ባለፈው ጥር የመጣው ልጅ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት ያደርጋል። በጥር ደግሞ የእሱ ዓይነት ሰው ኮምፒውተሩ ለአንድ ቀን ቢቆምበት ሙሽሮቹ በር ላይ ይቆማሉ። ያገለገለ አርቲኤክስ 3070 ገዝቶ፣ ሬንደሩ እንዲፈጥንለት ከፍ አድርጎታል። ኮምፒውተሩ መሐል ላይ ሲጠፋበት ወደ ፋብሪካው ቁጥር መለሰው፤ አሁንም ይጠፋል። አንድ ሱቅ «ካርዱን ቀይር» ብሎታል።

ፓወር ሰፕላዩን አውጥቼ ጎኑ ላይ ያለውን ወረቀት አነበብኩ። ከላይ በትልቁ 600 ዋት ይላል። ከሥር ባለው ሠንጠረዥ ግን 12 ቮልቱ ላይ የተጻፈው 28 አምፔር ነው፤ ሲባዛ 336 ዋት። ካርዱና ፕሮሰሰሩ የሚበሉት ከዚሁ ከ12 ቮልቱ ነው፤ የቀረው ዋት ለእነሱ የማይደርስ ጌጥ ነው። 3070 ብቻውን 220 ዋት ይፈልጋል። ያም አማካዩ ነው፤ ካርድ ከሺኛ ሰከንድ ባነሰች ቅጽበት ወደ እጥፉ ዘልሎ ሊመለስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኤቲኤክስ 3.0 የተባለ መስፈርት ትልልቆቹ ፓወር ሰፕላዮች የአቅማቸውን እጥፍ ለ100 ማይክሮ ሰከንድ እንዲሸከሙ የጠየቀው በዚሁ ምክንያት ነው። የልጁ ፓወር ሰፕላይ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው፤ የተጻፈበትን እንኳ መሸከሙ ያጠራጥራል።

ካርዱ ላይ የሚሰኩት ሁለት ባለ 8 ፒን ጫፎችም ከአንድ ኬብል የተቀጠሉ ነበሩ። አንድ ባለ 8 ፒን 150 ዋት እንዲያሳልፍ ነው የተመደበው፤ የማዘርቦርዱ ስሎት ደግሞ 75። ኬብሉን ስነቅለው አንደኛው ጫፍ ጠበቅ ብሎ አስቸገረኝ፤ ወደ ብርሃን ሳዞረው አንዱ ቀዳዳ ዙሪያ ፕላስቲኩ ቡኒ ሆኗል። ሌላ ኬብል ሰጥቼ ሬንደሩን አስጀመርኩና የቴስተሩን ዘንግ ቢጫው ሽቦ ላይ አሳረፍኩ። ሥራ ሳይኖር 12.1 የነበረው ወደ 11.3 ወረደ። የሚፈቀደው የታችኛው ጫፍ 11.4 ነው። ቴስተር ዘገምተኛ ነው፣ ቅጽበታዊውን መውደቅ አያሳይም፤ እሱ 11.3 ካለ ከሥሩ የባሰ አለ።

ሆኖም ኮምፒውተሩ እኔ ጋ አልጠፋም። እስከ ማታ ሬንደር አደረገ። ይሄኔ ብዙ ባለሙያ «ተሠርቷል» ብሎ ሒሳቡን ይቀበላል። እኔ ቴስተሬን አውሼ ላክሁትና ሶኬቱን ቤቱ እንዲለካ ነገርኩት። ቅዳሜ ጠዋት ደወለ።

«ጋሼ፣ አሁን 183 ይላል።»

«ቅድምስ?»

«ቅድም 214 ነበር። አከራዬ ምጣዱን ሲሰኩት ነው የወረደው።»

«እትዬ በሳምንት ስንቴ ይጋግራሉ?»

«ለሱቅ ስለሚያስረክቡ ከእሑድ በቀር ሁልጊዜ ነው።»

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ መሆኑ ነው። ግቢው በሙሉ በአንድ ቆጣሪና በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ነው። የልጁ ፓወር ሰፕላይ ከ200 እስከ 240 ቮልት ብቻ የሚቀበል ነው፤ በ183 ቮልት ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ያጠራቀማት ትንሽ ኃይል ለአንድ ቅጽበት እንኳ አትበቃም። ከ100 እስከ 240 የሚል የተጻፈበት ቢሆን ኖሮ ምጣዱን አያውቀውም ነበር። ፓወር ሰፕላይ ስትገዙ ከዋቱ በፊት ይህችን ቁጥር አንብቡ። ጀርባው ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀየሪያ ካለው ደግሞ 230 ላይ መሆኑን ሳታዩ አትሰኩ፤ 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ድምፁን ጎረቤት ይሰማዋል።

እትዬን እንጀራ አይጋግሩ አይባል። ልጁም ያን ሳምንት ፓወር ሰፕላይ የሚገዛበት ብር አልነበረውም። ስለዚህ ካርዱን ከፍ ማድረጉን ትቼ ዝቅ አደረግኩለት። ሥራ ላይ 1.05 ቮልት ይስብ የነበረውን ቺፕ በ0.9 ቮልት እንዲሠራ አሰርኩት። በራሱ ሲባዛ 73 በመቶ ገደማ ነው፤ ቺፑ ከሚበላው ከሩብ በላይ ቀረ ማለት ነው። ጠቅላላው የካርዱ ፍጆታ ከ220 ዋት ወደ 170 አካባቢ ወረደ፣ ፍጥነቱ ብዙም አልተነካም። ልጁ ፊቱን አኮሳተረ፤ እንዲፈጥንለት አምጥቶ እንዲቀንስለት መክፈል አልጣመውም። ሬንደሩ ሳይቋረጥ ሲያልቅለት ግን አልተከራከረኝም።

ለራሱ መሞከር ለሚፈልግ ሰው ገንዘብ የማያስወጣ ዘዴ አለ። ካርዱን ወደ ፋብሪካው ቁጥር መልሱና የኃይል ገደቡን ወደ 70 በመቶ አውርዱት። እንዲህ ሆኖ የማይጠፋ ከሆነ ካርድ ለመግዛት አትቸኩሉ።

አዲስ አበባ ላይ ሌላ የሚረሳ ነገር አለ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነን፤ አየራችን ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። የከተማው ብርድ ይህን በከፊል ያካክሳል፣ ግን ውጭ አገር የተቀረጸ ቪዲዮ ላይ ያየኸው 65 ዲግሪ አንተ ጋ 72 ቢሆን ካርዱ ታሟል ብለህ አትሩጥ። ያገለገለ ካርድ ከሆነማ መጀመሪያ ቴርማል ፔስቱን አስቀይር። ኢቴርየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርድ መመረቱ ሲያበቃ ሌትና ቀን ሲሠሩ የከረሙ ካርዶች በየአገሩ ለገበያ ወጥተዋል፤ የአንዳንዶቹ ባዮስም የተነካካ ነው።

ልጁ የጥር ሠርግ ካለቀ በኋላ 650 ዋት፣ ከ100 እስከ 240 የሚቀበል ፓወር ሰፕላይ ገዛ፤ ለካርዱም ሁለት የተለያዩ ኬብሎች ሰካሁለት። ወዲያው «አሁንስ ከፍ ማድረግ ይቻላል?» አለኝ። ይቻላል። በ15 ሜጋኸርዝ እየጨመርኩ፣ በየደረጃው ከባድ ሬንደር እያስኬድኩ 90 ላይ አቆምኩ። ሜሞሪውን አልነካሁም። እንደ 3080 ባሉ ካርዶች ሜሞሪው ከልክ ሲያልፍ ዝም ብሎ ስህተቱን እያረመ መልሶ ይልካል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ሥራው ይዘገያል፣ ባለቤቱ ግን ያሸነፈ ይመስለዋል። የእሱ 3070 ሜሞሪው ሌላ ዓይነት ቢሆንም የደንበኛ ሠርግ መሞከሪያ አይደለም።

የቀረው ዩፒኤስ ነው። ሳጥኑ ላይ 650 ቪኤ የሚል ሲያይ 650 ዋት መስሎት ነበር፤ ብዙ ጊዜ ከ360 እስከ 390 ዋት ነው። ርካሾቹ ደግሞ በባትሪ ሲሠሩ የሚያወጡት የተቆራረጠ ሞገድ ነው፤ አንዳንድ ጥሩ ፓወር ሰፕላዮች ያንን አይቀበሉም፣ መብራት በሄደባት ቅጽበት እነሱም ይጠፋሉ። የአሁኑ ፓወር ሰፕላዩ ከእነዚህ ወገን ስለሆነ ንጹሕ ሞገድ የሚያወጣና 1,200 ቪኤ ገደማ የሆነ ፈልግ አልኩት። ዋጋውን ሲሰማ ሳቀ። ጾሙ ሊገባ ነው፣ ሠርግ የለም፤ ከፋሲካ በኋላ ሁለት ቀብድ ተቀብሏል፣ ያኔ ይመጣል።