ሞተሩ ከጉድጓዱ አፍ በታች አይወርድም

ከጥር አጋማሽ በኋላ ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ወዳለው ጋራዣችን የሚመጣው የውሃ ሞተር ይበዛል። ከፎገራ፣ ከደራ፣ ከባሕር ዳር ዙሪያ በሚኒባስ ጣሪያ ወይም በባጃጅ ተጭኖ ይደርሳል። የባለቤቱ አቤቱታ ያው ነው፦ «ይነሳል፣ ውሃ ግን አልስብ አለኝ።» ፈትቼ ሳየው ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ፋሻው አልተበላም፣ ፓራሊዮው አያፈስም። ችግሩ ያለው ጉድጓዱ ጋ ነው። በጋው ገፍቷል፣ ውሃው ወርዷል።

ፓምፕ ውሃ የሚጎትት ይመስለናል እንጂ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው በላዩ የተጫነው አየር ነው። ፓምፑ የቱቦውን አየር ያወጣል፤ የውጭው አየር ደግሞ ውሃውን ገፍቶ ባዶውን ይሞላዋል። በባሕር ጠለል ላይ ይህ ግፊት ቢበዛ ውሃን 10 ሜትር ያህል ያነሳል። ጣና ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ወሰኑ ወደ 8 ይወርዳል። ፓምፑ ራሱ የሚያባክነውና በቱቦው መጋጠሚያ ሾልኮ የሚገባው አየር ሲቀነስ 6 ሜትር ከተገኘ መልካም ነው። ካርቶኑ ላይ ግን ብዙ ጊዜ «8 ሜትር» ተብሎ ይታተማል፤ ገበሬውም ያንን አምኖ ይገዛል።

ይኸው ፓምፕ ከታች ወደ ላይ ለመግፋት ግን አይሰንፍም። ባለ 3 ኢንቹ 25 ሜትር ሽቅብ ይገፋል። ስለዚህ ገበሬው የሚያገኘው መላ በሒሳቡ ትክክል ነው፦ ከጉድጓዱ ግድግዳ እርከን ይቆፍርና ሞተሩን በገመድ አውርዶ እዚያ ያስቀምጠዋል። ውሃው ወዲያው ይመጣል፣ ሽንኩርቱ ይጠጣል። ሰው የሚሞተውም በዚሁ መላ ነው።

ከእንዲህ ያለ እርከን የወጣን ሞተር ካንዴላውን ፈትቼ ሳየው አውቀዋለሁ። በደህና አየር የሚሠራ ሞተር ካንዴላ ጫፉ ደረቅና ቡናማ ነው። የዚህኛው በጥቁር ጥላሸት ተሸፍኗል፤ በአውራ ጣት ሲነካ እንደ ዱቄት ይለቃል። የእነዚህ ሞተሮች ካርቡሬተር አብዛኛውን ጊዜ ለዝቅተኛ ቦታ ተለክቶ የተሠራ በመሆኑ እዚህ ከአየሩ ይልቅ ቤንዚኑ ይበዛል። ከጉልበቱም አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የተፋውን ጭስ መልሶ ይተነፍሳል። ቤንዚኑ በደንብ አይቃጠልም፤ በደንብ ያልተቃጠለ ቤንዚን ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል።

ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ዓይን አይቆጠቁጥም። ደማችን ከኦክስጅን ይልቅ እሱን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ነፋስ በማይገባበት ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ለረጅም ሰዓት ይቆያል። ቤንዚን ሊጨምር ወይም ሞተሩን ሊያጠፋ የወረደ ሰው መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፣ ቀጥሎ ጉልበቱ ይከዳዋል። አደጋው ሲገባው መወጣጫውን የሚጨብጥበት አቅም የለውም። ወንድሙ ሲወድቅ አይቶ ዘሎ ይገባል፣ ጎረቤት ይከተላል። ከአንድ ጉድጓድ ሁለትና ሦስት ሬሳ የሚወጣው በዚህ የተነሳ ነው። ጋኔን አለበት የሚባል ጉድጓድ ታሪክ በሰማሁ ቁጥር ሞተር ወርዶበት እንደነበር እጠይቃለሁ።

ኩራዝ በገመድ አውርዶ መሞከር ይበቃል የሚሉ አሉ። ኩራዝ የሚጠፋው ኦክስጅን ሲያንስ ነው፤ ሰው በሚገድል ካርቦን ሞኖክሳይድ መሃል ደህና አድርጎ ይበራል። የቤንዚን ትነት ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፤ እሳትን ትነቱ ወዳለበት ማውረድ ሌላ እልቂት ነው።

በቅርቡ ከሐሙሲት በኩል አንድ አዛውንት መጡ።

«ልጄ፣ ጭስ ማውጫው ላይ ረጅም ቧንቧ በይድልኝ። ጭሱ ውጭ ይወጣል፣ ሞተሩ ታች ይሠራል።»

«አባቴ፣ ይህን አልበይድልዎትም» አልኳቸው።

በሞተሩ ንዝረት ብየዳው እንደሚሰነጠቅ፣ ጭሱ በስንጥቁ እንደሚሾልክ፣ በውስጡ ያለው መርዝም እንደማይታይና እንደማይሸት ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ታዲያ ልጆቼን ምን ላብላ?» አሉ። ለዚህ ጥያቄ «ተጠንቀቁ» ማለት መልስ አይሆንም። ስለዚህ ተቀምጠን አሰብን። የጉድጓዳቸው ውሃ በመጋቢት 9 ሜትር ይወርዳል፤ ያንን ከላይ ሆኖ የሚያወጣ የቤንዚን ሞተር እኔ ዘንድም ሆነ ሌላ ጋ የለም። በፀሐይ የሚሠራ ጠላቂ ፓምፕ ያወጣዋል፤ ውድ ነው፣ ግን ጉድጓዳቸው የተቀራረበ ጎረቤታሞች አዋጥተው ቢገዙት እያፈራረቁ ይጠቀሙበታል። ለጓሮ አትክልት በእጅ የሚዞር የገመድ ፓምፕ ይበቃል። ከሩዝ በኋላ ደግሞ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ዘርቶ ሽንኩርቱን ውሃው እስከሚደርስበት መደብ ብቻ መወሰን ይቻላል። ገቢው ይቀንሳል፤ ይህንንም አልደበቅኋቸውም።

በጉማራና በርብ ወንዞች እንዲሁም በጣና ሐይቅ ዳር የሚያጠጡት ሞተራቸው ሜዳ ላይ ስለሆነ ጭሱ ያን ያህል አያሰጋቸውም። የእነሱ ጣጣ እምቦጭ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የጣናን ዳር የወረረው ይህ አረም የቱቦውን ወንፊት ይደፍናል፤ ፓምፑ በደረቁ ይዞርና ፓራሊዮው ይቃጠላል። ወንፊቱን በቅርጫት ውስጥ ማንጠልጠል ብዙ ያግዛል። ፓምፑን ከፍቶ ስሩን መልቀም ግድ ከሆነ ግን ሞተሩን ማጥፋት ብቻ በቂ አይደለም። የካንዴላው ገመድ መነቀል አለበት፤ የሞቀ ሞተር በእጅ ሲዞር ሊነሳ ይችላል፣ ጣት ደግሞ አይተካም። ቤንዚንም ማርሚታው እስኪበርድ አይጨመርም። በሃይላንድ አድርጎ ከመጠጥ ውሃ አጠገብ የሚያስቀምጥ ቤት ካለ ዛሬውኑ ያንሳው፤ ልጅ ይጠጣዋል።

ሰኔ ሲገባ ሞተሩ ሥራ ይፈታል። ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ክረምቱን ሙሉ ከተኛ ሙጫ ይሆናል። ቤንዚኑን ማፍሰስ፣ ዘይቱን መለወጥ፣ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ ገመዱን ቀስ ብሎ መሳብ በቂ ነው። ለእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ከግማሽ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ዘይት ይበቃል፤ በየ100 ሰዓቱ መለወጥ ነው።

አዲስ ሞተር ሊገዙ ላሰቡ የምለው ይህን ነው። መጋቢት ላይ፣ ውሃው በጣም በወረደበት ሳምንት፣ በገመድ ጫፍ ድንጋይ አስራችሁ ከጉድጓዱ አፍ እስከ ውሃው ያለውን ለኩ፤ ገመዱንም ይዛችሁ ገበያ ውጡ። ከ6 ሜትር ከበለጠ ሻጩ የፈለገውን ቢላችሁ ያንን ሞተር አትግዙ።