«ጊት አድ» ስንል ምን ይሆናል?

ኮድ የምትጽፉ ሁሉ «ጊት አድ» የምትለዋን ትእዛዝ በቀን ደጋግማችሁ ትጠሯታላችሁ። ኢንተር ትጫናላችሁ፤ ተርሚናሉ ዝም ይላል። ዝም ይበል እንጂ ትልቁ ሥራ የተሠራው ያኔ ነው።

እንሞክረው። ሮቢት ከተማ ውስጥ ኔትወርክ ቢጠፋም አያሳስብም፤ ሁሉም የሚያልቀው እዚያው ላፕቶፓችሁ ላይ ነው። አዲስ ፎልደር ክፈቱ፤ ውስጡ ገብታችሁ «ጊት ኢኒት» በሉ። «ማሽላ» የሚባል ፋይል ፍጠሩና በቆቦ ሜዳ የሚዘራውን ጻፉበት፦ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ሽምብራ። ሴቭ አድርጉና «ጊት አድ ማሽላ» በሉ።

አሁን ፋይሉን አጥፉት። አትፍሩ፣ አጥፉት! ከዚያ «ጊት ሪስቶር ማሽላ» በሉ። አንድ ፊደል ሳይጎድል ይመለሳል። ገና ኮሚት እንኳ አላደረጋችሁም።

ወረዳ ጉዳይ ሲኖራችሁ ማስረጃውን ፎቶ ኮፒ አስነስታችሁ ፖስታ ውስጥ ትከታላችሁ። «አድ» የሚሠራውም ይህንኑ ነው፤ የፋይሉን ኮፒ አንስቶና አምቆ፣ ጊት በደበቀው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ኮሚት ፖስታውን ማሸግ ነው። ከ«አድ» በኋላ ዋናውን ብታርሙ ታዲያ የሚታሸገው ያልታረመው ኮፒ ነው። ጀማሪዎች «ያረምኩት የት ገባ?» የሚሉት እዚህ ላይ ነው። እንደገና «አድ» በሉ፣ በቃ።

ሁሉንም በአንዴ የሚከተውን «ጊት አድ ነጥብ» በጥድፊያ ባትጠቀሙበት እመክራለሁ፤ የይለፍ ቃል የያዘ ፋይል ሳይታያችሁ አብሮ ይገባል።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የኮፒው ስም ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. ጊትን ሲሠራ፣ ስሙ ከይዘቱ ተሰልቶ እንዲወጣ አደረገ፤ 40 ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ስም ነው። «ማሽላ»ን በሌላ ስም ቅዱና እሱንም «አድ» አድርጉት። በዚያ በተደበቀው ፎልደር ውስጥ «ኦብጀክትስ» የሚባለውን ብታዩ አዲስ ኮፒ አልተጨመረም። ይዘቱ አንድ ስለሆነ ስሙም አንድ ነው፤ ጊት ያንኑ ነገር ሁለቴ አያከማችም። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ቀይሩና «አድ» በሉ፤ ፈጽሞ የማይመሳሰል ስም ይዞ ሌላ ኮፒ ይመጣል።

«ጊት ስታተስ» ስትሉ «ማሽላ» በሚለው ፈንታ \341\210\233 እያለ የሚቀጥል የቁጥር ሰልፍ ካያችሁ አትደንግጡ። ፋይሉ አልተበላሸም። አንዱ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተሩ ውስጥ ሦስት ባይት ይይዛል፤ «ማ» እንግዲህ እነዚያ ሦስት ቁጥሮች ናት። «ኮር ነጥብ ኮትፓዝ» የሚባለውን በ«ጊት ኮንፊግ» «ፎልስ» አድርጉትና እንደገና «ጊት ስታተስ» በሉ፤ ፊደላችሁን በፊደልነቱ ያሳያችኋል።