ክራሩ ምን አለ?

ሚዛን አማን ውስጥ ድምፅ የሚቀዳ ሰው ቀጠሮ የሚይዘው ከዝናቡ ጋር ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነዋ! ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር ማይኩን ነቅሎ ቡና ማፍላት ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም። ሦስት በአራት ሜትር በሆነችው የጓሮ ክፍሌ መቅዳት ከጀመርኩ ወዲህ አብዛኛው ሥራዬ መዝሙር ነበር። ዘማሪው ይመጣል፣ ይዘምራል፣ ማዳመጫውን አጥልቆ ይሰማና ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል፦ «ትንሽ ኢኮ ጨምርበት።» እጨምራለሁ። «ትንሽ ደግሞ።» እጨምራለሁ። ሪቨርብ፣ ማለትም ድምፁ ካበቃ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የሚቀረውን ጅራት፣ መምረጥ ማለት ኮምፒውተሬ ላይ ካለው ዝርዝር ውስጥ «ትልቅ አዳራሽ» የሚለውን መጫን መስሎኝ ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ።

ይህን ሐሳቤን ያፈረሱብኝ አንድ የቤንች ሽማግሌ ናቸው።

በኅዳር ወር አንድ ወዳጄ አጎቱን ይዞልኝ መጣ። ባለ አምስት ክር ክራር ታቅፈዋል። ዘፈን ስጠብቅ እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ ሃያ ደቂቃ ያህል ተጫወቱ። አጨዋወታቸው ግር አለኝ። ቀኝ እጃቸው ክሩን እንደመታ የግራ እጃቸው ጣት ከኋላ ደርሶ ድምፁን ያፍነዋል። መታ፣ አፈን፤ መታ፣ አፈን። አንዱን ድምፅ እንኳ እስኪጨርስ አይጠብቁትም። የእርጅና ነገር ነው አልኩ በልቤ፤ የጎደለውን ኮምፒውተሬ ይሞላዋል።

ማታ ሞላሁት። ጅራቱ 2.8 ሰከንድ የሚረዝም ትልቅ አዳራሽ አለበስኩት። ክራሩ ከደመና ላይ የወረደ መሰለ፤ በሥራዬ እንደዚያ ሌሊት የኮራሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። በማግሥቱ ጠርቼ አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡና የእህታቸውን ልጅ በቤንችኛ አንድ ነገር ጠየቁት። ልጁ ሳቀ።

«ምን አሉ?»

«‹ክራሩ ምን አለ?› ነው የሚሉት። አልሰማሁትም እያሉ ነው።»

«ጋሼ፣ ድምፁ አነሰብዎት?»

«ድምፁማ ሞልቷል፤» አሉኝ በአማርኛ። «ይጮሃል። አይናገርም እንጂ።»

እዚሁ ሚዛን ተወልጄ አድጌ ቤንችኛዬ ከሰላምታ አያልፍም፤ ነገሩን ያን ዕለት ማወቄ አሁንም ያሳፍረኛል። በአማርኛ «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ ደግሞ ያልደረሰ ነገር ነው። ቤንችኛ እንዲህ ያለውን ልዩነት የሚሠራው በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ጭምር ነው። ስድስት ቃናዎች አሉት፦ አምስቱ እያንዳንዳቸው በራሳቸው እርከን ላይ የሚቆሙ፣ አንዱ ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ። አንዱን ቃል እርከኑን ብትቀይሩት ሌላ ቃል ይሆናል። ስለዚህ አፍ ቢዘጋም ንግግሩ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ዜማው ይቀራልና። የቤንች ወንዶች በከንፈር፣ ወይም ሁለት መዳፎቻቸውን ገጥመው በመሃል ባለው ክፍተት እያፏጩ ከኮረብታ ኮረብታ ይነጋገራሉ። ያንኑ ፉጨት ባለ አምስት ክሩ ክራር ላይም ይመቱታል።

እኔ ዘፈን ስጠብቅ ሰውየው ለካ ወሬ እያወሩኝ ነበር።

የግራ እጃቸው ነገር የገባኝ ያኔ ነው። ድምፁን የሚያፍኑት ቃል ከቃል እንዳይደባለቅ ነው፤ እኔ ደግሞ የቆረጡትን ጅራት በኮምፒውተር መልሼ ቀጠልኩበት! ሒሳቡን ወረቀት ላይ ስሠራው ይበልጥ አፈርኩ። የሪቨርብ ርዝመት የሚለካው ድምፁ በ60 ዴሲቤል እስኪወርድ በሚፈጀው ጊዜ ነው። ሽማግሌው በሰከንድ አራት ጊዜ ያህል ይመታሉ። ጅራቱ 2.8 ሰከንድ ከሆነ በሩብ ሰከንድ ውስጥ የሚወርደው 5 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው። ማለትም አዲሱ ቃና ሲመጣ የቀደመው ገና ቤቱን አልለቀቀም፣ ከሱ በፊት የነበረውም እንዲሁ። ሦስት አራት ሰው ባንድ አፍ ሲናገር እንደ መስማት ነው። ገደል ማሚቶ እንኳ ከዚህ ይሻላል፤ እሷ ቢያንስ ተናግረው እስኪጨርሱ ትጠብቃለች።

መፍትሔው ቀላል መሰለኝ፤ ሪቨርቡን ነቅዬ አሰማኋቸው። ግማሽ በግማሽ ነው የገባቸው። አሁንስ ማን አጠፋ? ክፍሉ መሃል ቆሜ አጨበጨብኩ። «ጣ» ያልኩት ጭብጨባ «ጣዝዝዝ» ብሎ ተመለሰ። ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያ ክፍል ውስጥ ስኖር አንድ ቀን እንኳ አጨብጭቤ አላውቅም ነበር።

ይህን ችግር ከኔ በፊት አንድ ሰው በደንብ ታግሎታል። እ.ኤ.አ. በ1895 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የሠራው የፎግ ሙዚየም የትምህርት አዳራሽ መምህሩ የሚለው የማይሰማበት ሆኖ ቁጭ አለ። ጉዳዩን እንዲያጠና የተሰጠው ዋላስ ሴባይን የሚባል ወጣት የፊዚክስ መምህር ነበር። ሴባይን ከተማው ሲተኛ ከጎረቤቱ የሳንደርስ ቴያትር የወንበር ትራሶች እያስጋዘ አዳራሹ ውስጥ ይደረድራል፣ የኦርጋን ቧንቧ ይነፋል፣ ድምፁ እስኪጠፋ በሰዓት ይቆጥራል፤ ሌሊቱ ሲያልቅ ትራሶቹን ይመልሳል። ባዶው አዳራሽ ድምፅን ከ5 ሰከንድ በላይ ይይዝ ነበር፤ ትራሱ በበዛ ቁጥር ያጥራል። በመጨረሻ ያገኘው ቀመር ዛሬም ይሠራበታል፦ የክፍሉን ይዘት በሜትር ኪዩብ በ0.161 አባዝተህ ድምፅ ለሚመጥጠው ስፋት ታካፍላለህ።

የኔ ክፍል 33.6 ሜትር ኪዩብ ነው። ልስን ሲሚንቶ ድምፅ የሚመጥጠው በጣም ጥቂት ነው፤ ኮርኒሱንም ቆጥሬለት ሁለት ሰከንድ አካባቢ ወጣልኝ። መኝታ ቤት የምታህል ክፍል፣ ሁለት ሰከንድ! በዚያ ላይ በሦስት ሜትር ርቀት የተፋጠጡት ሁለት ግድግዳዎች ድምፁን በሰከንድ 57 ጊዜ ይቀባበሉታል፤ «ዝዝዝ» የሚለው እሱ ነው። በርሜል ውስጥ የተቀዳን ድምፅ ወስጄ ካቴድራል ሳለብሰው ኖሬያለሁ።

ሴባይን ትራስ ነበረው፤ ቤንች ሸኮ ውስጥ ያለን ጆንያ ነው። ከአንድ ጎረቤቴ ቡና ነጋዴ ባዶ ጆንያዎች ተበድሬ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቄ፣ እጥፋት አብዝቼ ሰቀልኳቸው፤ ጥግ ጥጉን ሙሉ ጆንያ አቆምኩበት። ነጋዴው ሲያይ የቡና ዋጋ እስኪጨምር የማከማች መስሎት ነበር። ክፍሉ እስከ ዛሬ ቡና ቡና ይሸታል፤ ጭብጨባው ግን «ጣ» ብሎ ቀረ።

ሽማግሌውን እንደገና ቀዳኋቸው። በዚህኛው ላይ ልጁ ቃል በቃል እየተረጎመ ነገረኝ፤ ላሙ የጠፋችበት ሰው ነው፣ ጫካ ለጫካ ሲፈልግ ይውላል፣ ያገኘውን ሁሉ ይጠይቃል። ተሳካ ብዬ ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። ፊታቸው ግን አልፈታም።

«እንዴት ነው፣ ጋሼ?»

«ይሰማል። ግን ምነው ልጄ፣ ሳጥን ውስጥ ከተትከኝ?»

ሳጥን በኛ አገር የምን እንደሆነ ለአንባቢ አልነግርም።

እንግዲህ ፍለጋው ከዚህ ጀመረ። ቃሉ የማይሰምጥበት፣ ሰውየውም የማይቀበሩበት ቦታ ያስፈልገኛል። የሪቨርብን ታሪክ ሳገላብጥ እኔ ቁልፍ ብቻ የመሰለኝ ነገር ሁሉ አንድ ቀን የሚጨበጥ ዕቃ ወይም የሚገባበት ቤት እንደነበር አየሁ። እ.ኤ.አ. በ1947 ቺካጎ ውስጥ ቢል ፑትናም የተባለው ድምፅ ቀራጺ ሃርሞኒካትስ የተባለውን ቡድን ሙዚቃ ያሳመረው የስቱዲዮውን መታጠቢያ ቤት ተጠቅሞ ነው፤ ድምፁን እዚያ በድምፅ ማጉያ አስጩኾ በማይክ መልሶ ይወስደዋል። በ1957 ጀርመኖቹ ኢኤምቲ 140ን አወጡ፤ ሣጥን ውስጥ የተንጠለጠለ ሰፊ የብረት ሉህ ወይም ፕሌት ነው፣ ክብደቱ ከሩብ ቶን ይበልጣል። በጊታር አምፕሊፋየር ውስጥ ደግሞ ሞላ ወይም ስፕሪንግ አለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ማንፍሬድ ሽሮደር ቤል ላብራቶሪ ውስጥ ይህን ሁሉ በሒሳብ ብቻ መሥራት እንደሚቻል አሳየ፤ ዛሬ በነፃ የምናወርዳቸው ፕለጊኖች ብዙዎቹ የሱ የልጅ ልጆች ናቸው።

ሁሉንም ሞከርኩ። ፕሌቱ ለዘማሪ ድምፅ ግሩም ነው፤ ክራሩ ላይ ግን ገና ከመነሻው ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚመጣ የጣቱን ምት ይሸፍነዋል። ስፕሪንጉን አንድ ደቂቃ አልታገሥኩትም።

አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ በላፕቶፑ ባትሪ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ዘፈኖች እያዳመጥኩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 አዲስ አበባ፣ ቤተሰቦቻቸው ቤት ውስጥ ራሳቸው በቴፕ የቀዷቸውንና በ2024 በሸክላ የታተሙትን። ከፒያኖው ጀርባ ወፎች ይሰማሉ። ያቺ ክፍል አለች፤ አንድም ሰው ሊያሳምራት አልሞከረም፣ እማሆይም እዚያው አሉ። እኔ ስፈልግ የከረምኩት የሪቨርብ ስም ነው፤ ሽማግሌው የጠየቁኝ ግን የት እንዳሉ ነበር።

ለዚህ የሚሆን መሣሪያ እጄ ላይ ነበር። ሪፐር በተባለው የመቅጃ ፕሮግራሜ ውስጥ ያለው ሪያቨርብ የአንድን ቦታ ድምፅ ቀድተህ ብትሰጠው የፈለግከውን ነገር እዚያ ቦታ እንደተጫወተ አድርጎ ያሰማሃል። ኮንቮሉሽን ይሉታል። ፊኛ ማፈንዳት፣ የተከተለውን ጅራት መቅዳት፣ ፋይሉን መጫን፤ አለቀ። ቦታውም ታየኝ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የቡና መጋዘን።

ጥር ላይ ዘበኛውን ለምኜ ገባሁ። ጆንያው ተከምሯል፤ በትከሻና በወገብ እየተሳብኩ ክምሩ አናት ላይ ወጥቼ ፊኛውን አፈነዳሁት። «ቧ»፤ ከዚያ ጸጥ። ትራስ በቡጢ እንደ መምታት ነበር። ያን ሁሉ ወጥቼ! ፋይሉን «ከንቱ» ብዬ ሰየምኩትና ባዶ እስኪሆን ጠበቅሁ። ነሐሴ ላይ ተመለስኩ። ቡናው ተጭኖ ሄዷል፣ ወለሉ ተጠርጓል። የዝናቡን ፋታ አንድ ሰዓት ጠብቄ አፈነዳሁ፤ ድምፁ ተንከባሎ ተንከባሎ ከሦስት ሰከንድ በላይ ቆየ። ዘበኛው ሳይቀር «አሜን» አለ። ቤቴ ሮጬ ክራሩ ላይ ጫንኩት። እጅግ ያምራል፤ የሚለው ግን አይሰማም። «ትልቅ አዳራሽ» የሚዛን ልጅ ሆኖ መጣልኝ እንጂ ሌላ ምንም አልተለወጠም።

«ከንቱ»ን የከፈትኩት ልሰርዘው ነበር። ከመሰረዜ በፊት አንዴ ልጫነው ብዬ ጫንኩት፤ እጄ ማውዙ ላይ ቀረ። ክራሩ እያንዳንዱን ቃል ይናገራል፤ ደግሞ ጣሪያ አለው፣ አየር አለው። ጅራቱን ለካሁት፤ 0.6 ሰከንድ። በዚያው ሩብ ሰከንድ ውስጥ 25 ዴሲቤል ይወርዳል፤ አዲሱ ቃና ሲመጣ ከቀደመው ጉልበት ከሦስት መቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ ቀርቷል። ሌላም ነገር ነበር። እኔ የነበርኩት ክምሩ አናት ላይ ነው፤ ጎንና ጎኔ፣ ከሥሬም ቡና ነው፤ ድምፅ የሚመልሰው አራት ሜትር ከፍ ያለው ቆርቆሮ ብቻ ነው። ደርሶ መልስ ስምንት ሜትር፣ 23 ሚሊሰከንድ። በፕለጊን ቋንቋ ፕሪዲሌይ የምንለው፣ ሰዎች በእጅ ሲያስተካክሉት የሚያድሩት ክፍተት፣ ከምቱ በኋላ ጣት ክር ላይ እስኪያርፍ ራሱ ገብቶልኛል። ከሪቨርቡ ላይ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ቆርጬ፣ መጠኑን ዝቅ አድርጌ ተውኩት።

(ዘማሪዎቼ ዛሬም «ኢኮ ጨምርበት» ይላሉ። እጨምራለሁ፤ መብታቸው ነው።)

ከመስቀል በኋላ ሽማግሌው መጡ። በዚህ ጊዜ አንድ እኩያቸውን አስከትለዋል፤ ቀረጻውን ሰምተው የማያውቁ፣ ስለ ላሟም የነገራቸው የለም። ሁለቱም ጆንያው ሥር ተቀመጡ፣ ከፈትኩላቸው። መሃል ላይ እንግዳው ሰው ወደ ድምፅ ማጉያው ጎንበስ ብለው በቤንችኛ አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አልኩት ልጁን።

«‹ጆሮዋ ላይ ምልክት ነበራት ወይ?› ብለው ጠየቁት።»

«ማንን? አጎትህን?»

«ኧረ፣ ክራሩን ነዋ!»