መቀሱን የፈራች እጅ

ዛሬ ከፖለቲካው ወሬ ጥቂት ፈቀቅ ብለን ስለ አንድ የጨርቅ ድብ ልናጫውታችሁ ነው። «ምነው፣ ወሬ ጠፋ እንዴ?» የሚለን ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። ወሬማ ሞልቷል። ይሁን እንጂ ባለፈው ኅዳር ፍራንክፈርት ውስጥ በአንዲት እኅታችን ቤት ያየነው ነገር፣ ከብዙ ስብሰባ ያላገኘነውን ትምህርት ስለሰጠን ለእናንተም ይጠቅማል ብለን አመንን።

እኅታችን አዲስ አበባ ሳለች ልብስ ሰፊ ነበረች። እዚህ የምትተዳደረው በጽዳት ሥራ ነው። የልጇ መዋዕለ ሕፃናት ለገና ባዛር እያንዳንዱ ወላጅ በእጁ የሠራውን አንድ ነገር እንዲያመጣ ይጠይቃል። እሷም ቴዲ ቤር የሚባለውን፣ ልጆች አቅፈውት የሚተኙትን የጨርቅ ድብ ልሥራ ብላ ተነሣች። ቡና ልንጠጣ በሄድንበት ዕለት ግን ከአልጋ ሥር አንድ ፌስታል ጎትታ አወጣችልን። ውስጡ ከአቡጀዲ የተሰፉ ሦስት ድቦች ነበሩ። አካላቸው ተሰፍቶ፣ ጥጥ ተሞልቶ አልቋል። ፊት ግን የላቸውም። ዓይን የለ፣ አፍንጫ የለ፣ አፍ የለ።

«እዚህ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ ይለኛል፣ ጋሼ» አለችን። «እሰፋለሁ፣ መልሼ እተረትራለሁ። እነሱ እኮ ይህን ሲሠሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እኔ ድብ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ምን ብዬ ነው ድብ የምሠራው?»

ከፌስታሉ አጠገብ የተጣጠፈ ነጭ ጋቢ ነበር። እናቷ ጥጡን በእንዝርት ፈትለው፣ ለሸማኔ ሰጥተው አሠርተው የላኩላት ነው። እናቷ ዛሬ በሕይወት የሉም። ጋቢው ከመታጠብ ብዛት ጠርዙ አልቋል። የእኅታችን ሐሳብ በአቡጀዲው ከተለማመደች በኋላ አንድ ድብ ለባዛሩ፣ አንድ ደግሞ ከዚህ ጋቢ ለልጇ መሥራት ነበር። አያቷን ያላየች ልጅ የአያቷን ፈትል አቅፋ እንድትተኛ። «ታዲያ ፊት መሥራት ካቃተኝ ጋቢውን በምን ድፍረት ልቁረጠው? አቡጀዲ ይገዛል። ይህ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም» አለች።

ድብ ያላዩ ድብ ሠሪዎች

እውነቷን ነው፤ አገራችን ድብ የለባትም። እኛ ድብን የምናውቀው ከመጽሐፍ ቅዱስ፣ ዳዊት በእረኝነቱ ከገደላቸው አውሬዎች አንዱ ሆኖ ነው። ነገር ግን የጨርቁ ድብ ታሪክ ሲመረመር ነገሩ ሌላ ነው።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1902 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሚሲሲፒ ውስጥ አደን ወጡ። አብረዋቸው የነበሩት ሰዎች አንድ ድብ ይዘው ዛፍ ላይ አሰሩና ይተኩሱ አሏቸው። ፕሬዚዳንቱ የታሰረ አውሬ አልመታም አሉ። ድቡ ክፉኛ ተጎድቶ ስለነበር ግን ከሥቃዩ እንዲገላገል አዘዙና ተገደለ። ክሊፎርድ ቤሪማን የተባለው ሠዓሊ ይህንን በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ላይ በካርቱን አወጣው። በእሱ ብዕር ያ ትልቅ አውሬ እየዋለ እያደረ ትንሽ፣ የሚያሳዝን ግልገል ሆነ።

በኒውዮርክ ብሩክሊን ከረሜላ ይሸጡ የነበሩት ሞሪስ ሚችተምና ባለቤቱ ሮዝ በዚህ ወሬ ተነሥተው የጨርቅ ድብ ሰፉና በሱቃቸው መስኮት አስቀመጡ። መነሻቸው ጫካ ሳይሆን ጋዜጣ ነው። ሞሪስ ሚችተም ደግሞ ከሩሲያ የመጣ አይሁዳዊ ስደተኛ ነበር። እንግዲህ ቴዲ ቤር ከመነሻው የስደተኛ እጅ አለበት ማለት ነው። ይህን ስንነግራት እኅታችን ሳቀች። ፌስታሉን ግን ወደ አልጋው ሥር አልመለሰችውም።

የጀርመኑ ታሪክ ደግሞ ለእሷ ይበልጥ ይቀርባል። ማርጋሬተ ሽታይፍ እ.ኤ.አ. በ1847 ከኡልም ብዙ በማትርቀው ጊንገን በምትባል ከተማ ተወለዱ። ገና በሕፃንነታቸው ፖሊዮ ይዟቸው እግሮቻቸው አልታዘዝ አሉ፤ ቀኝ እጃቸውም ደከመ። ልብስ ስፌት ግን ተማሩ። የስፌት መኪናውን መዘውር በደካማው ቀኝ እጅ ማዞር ስላስቸገራቸው፣ መኪናውን ገልብጠው በግራ እጃቸው ይሠሩበት ነበር። በ1880 ገደማ ከፈልት ጨርቅ ትንንሽ ዝሆኖች ሰፉ። የታሰቡት ለመርፌ መሰኪያ ነበር። ልጆቹ ግን መጫወቻ አደረጓቸው። ሥራው ምን እንደሆነ የወሰነው ሠሪው ሳይሆን የተቀበለው እጅ ነው።

በ1902 የወንድማቸው ልጅ ሪቻርድ እጁና እግሩ የሚንቀሳቀስ ድብ ሠራ። ማርጋሬተ ራሳቸው መጀመሪያ ላይ ተጠራጥረው እንደነበር ይነገራል። በ1903 ላይፕዚግ በተካሄደው የአሻንጉሊት ትርዒት ላይም ድቡን ዞር ብሎ ያየው ጥቂት ሰው ነበር። በመጨረሻ አንድ የአሜሪካ ነጋዴ 3000 ድቦች አዘዘ። በ1907 ፋብሪካው በአንድ ዓመት ብቻ 974,000 ያህል ድቦች አመረተ። መጀመሪያ ያልተፈለገው ያው ድብ ነው።

ሁለት ዓይነት ጥርጣሬ

ስለ ጥርጣሬ እኛም ጥቂት እናውቃለን። አገር ቤት ሳለን ለዓመታት በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነት ስንሠራ ቀይ እስክሪብቶ ከእጃችን አይለይም ነበር። የበላይ አለቃ ስልክ ሳይደውል በፊት ራሳችን ሰርዘን እንጠብቅ ነበር። ከአገር ከወጣን በኋላ የሚደውል አለቃ አልነበረም። እጃችን ግን መሰረዙን አላቆመም። አንዲት የመግቢያ አንቀጽ ጽፈን ለመጨረስ ወራት የፈጀንበት ጊዜ ነበር። የእኅታችንን ፊት የለሽ ድቦች ስናይ በመሳቢያችን ውስጥ የቀሩት ጅምር ጽሑፎች ትዝ አሉን።

ከዚያ ዘመን የተማርነው አንድ ነገር ቢኖር ጥርጣሬ ሁለት ዓይነት መሆኑን ነው። አንደኛው ስለ ሥራው ይጠይቃል። ስፌቱ ይጠብቃልን? ድቡን የሚይዘው ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ቢሆንስ ቁልፍ ነቅሎ እንዳይውጥ ዓይኑን በክር ልሥራውን? ይህ ጥርጣሬ ጓደኛ ነው፤ መልሱም በመርፌ ይገኛል። ሁለተኛው ግን ስለ ሠሪው ነው የሚጠይቀው። «አንቺ ማን ነሽና?» ይላል። ለዚህ መርፌ መልስ የለውም። ሺህ ጊዜ ቢተረትሩ አይጠግብም።

በልጅነታችን ከአሮጌ ካልሲና ከጨርቅ ኳስ ስንሠራ፣ እኅቶቻችንም ከቁራጭ ጨርቅ አሻንጉሊት ሲሰፉ፣ ይህን ጥያቄ የጠየቀን አልነበረም። ኳሱ ከነጠረ ይበቃ ነበር።

ፊቱ እንዴት ወጣ?

እኅታችን በዚያ ሳምንት ያደረገችውን ኋላ እንዲህ ስትል አጫወተችን። በመጀመሪያ መተርተሪያውን ለጎረቤት አበደረችው። ቀጥላ በአንዱ የአቡጀዲ ድብ ፊት ላይ ዓይን መስፋቱን ትታ ራሳቸው ጥቁር የሆኑ ሁለት ስፒሎች ሰካች። ስፒል ይነቀላል፤ አያስፈራም። ዓይኖቹን ዝቅ አድርጋ ስታራርቃቸው ድቡ ሕፃን መሰለ። ከፍ አድርጋ ስታቀራርባቸው የተቆጣ ሽማግሌ ሆነ። የአንዲት ጣት ስፋት እንኳ በማትሞላ ልዩነት ጠባዩ ይለወጣል። ማታ የወደደችውን መልክ ወዲያው አልሰፋችውም። መደርደሪያ ላይ አሳደረችውና ጠዋት በመስታወት አየችው። ዓይን የለመደውን መጣመም መስታወት ያጋልጣል። ከዚያ በኋላ ሰፋች። ሦስቱም ድቦች በሦስት ምሽት ፊት አገኙ። ከሦስቱ አንደኛውን ለባዛሩ መረጠች።

ጋቢው ቀረ። ጋቢ ሽመናው ልል ስለሆነ ሲቆረጥ ክሩ ይተለተላል። ስለዚህ ከበስተጀርባው ስስ ጨርቅ ደርባ ጠቀጠቀችው። የወረቀት ልኩን አስቀምጣ በእርሳስ አሰመረች። የቀኙን ልክ ገልብጣ የግራውን አወጣች። ከዚያ መቀሱን ይዛ ብዙ ቆመች። «ምን አስቆረጠሽ?» አልናት። «እናቴ ጥጡን ስትፈትል ክሩ ይበጠስባት ነበር» አለችን። «ትቀጥለዋለች እንጂ እንዝርቱን አትጥልም።»

ድቡን አይተነዋል። ጥለቱ በአንገቱ ዙሪያ ሆኗል። ግራ ጆሮው ከቀኙ ዝቅ ብሏል። እሷም አይታው መተርተሪያውን ከጎረቤት ልታስመልስ ተነሥታ ነበር። ልጅቷ ግን ድቡን ቀምታ «ተዪው እማዬ፣ እየሰማኝ ነው» አለቻት። ጆሮው እንደተዘነበለ ቀረ።

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይላሉ አበው። በየቤታችሁ ከአልጋ ሥር የገባ ፌስታል አይጠፋም። ጅምር ጽሑፍ፣ ያልተፈጸመ ጥልፍ፣ ግማሹ የተሣለ ሥዕል ሊሆን ይችላል። እስቲ አንዱን አውጡና ፊት ስጡት። እኛም ይህን ጽሑፍ ቀዩን እስክሪብቶ ለጎረቤት አበድረን ነው የጻፍነው።

ቸር ይግጠመን!